ላም አለኝ በሰማይ፦ የሃይቲ የነዳጅ ዘይት ጉዳይ

ማታ ማታ በኩራዝ የምናነደው ላምባ ከምድር ሥር ከሚወጣ ጥቁር ዘይት ተጣርቶ የሚገኝ ነው። ካሚዮንና ትራክተር የሚነዱበት ናፍጣም፣ መኪና የሚሄድበት ቤንዚንም እናታቸው ያው ጥቁር ዘይት ናት። ስለዚህ ዘይት በምድሩ ሥር ያለው አገር ሁሉ ሀብታም ይመስለናል። «ምነው በእኛም ሜዳ ላይ በፈለቀ!» የማይል ሰው የለም።

ታዲያ ዘይት አለ የተባለለት አገር ሁሉ ከድህነት ይወጣል ወይ? «ዘይት አለ» መባሉና ዘይት መገኘቱስ አንድ ነው ወይ? በዛሬው ምንባብ ይህን ጥያቄ በአንዲት ሩቅ አገር ታሪክ እንመለከታለን። አገሪቱ ሃይቲ ትባላለች። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሃይቲ የት ናት?

ከእኛ በስተምዕራብ አፍሪካን አቋርጠን፣ ትልቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ብንሻገር፣ የካሪቢያን ባሕር የሚባል እናገኛለን። በዚህ ባሕር ውስጥ ብዙ ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። ከደሴቶቹ አንዷ ለሁለት አገሮች ተከፍላለች። ከደሴቲቱ በስተምዕራብ ያለውን ሲሶውን ሃይቲ፣ የቀረውን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይዘውታል።

ሃይቲ 27,750 ኪሎ ሜትር ካሬ ስፋት አላት። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። አገሩ ተራራ ይበዛዋል። ገበሬው በቆሎ፣ ማሽላ፣ ቦሎቄ፣ ሙዝና ቡና ያመርታል። ሥራ ሲበዛ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ከበሮ እየተመታና እየተዘፈነ አብሮ ይቆፍራል። ይህን «ኮንቢት» ይሉታል። እኛ ደቦ የምንለው መሆኑ ነው።

የሃይቲ ሕዝብ አያቶች አፍሪካውያን ናቸው። ፈረንሳዮች በባርነት ወስደው በሸንኮራ አገዳና በቡና እርሻ ላይ ያሠሩዋቸው ነበር። በ1791 ባሮቹ ተነሡ። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተዋጉ። ከመሪዎቻቸው ታላቁ ቱሳን ሉቨርቱር በተንኰል ተይዞ በፈረንሳይ አገር እስር ቤት በ1803 ሞተ። ትግሉ ግን አልሞተም። በጥር 1 ቀን 1804 ዣን ዣክ ደሳሊን ሃይቲ ነጻ አገር መሆኗን አወጀ። ባሮች አምፀው ጌቶቻቸውን አሸንፈው የራሳቸውን መንግሥት ያቆሙባት አገር ሃይቲ ናት።

ከእኛ አገርም ጋር የታሪክ ትውውቅ አላት። ቤኒቶ ሲልቫን የሚባል የሃይቲ ሰው ከአድዋ ድል በኋላ በ1897 እስከ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተገናኝቷል። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወርም፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የሃይቲው መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ለኢትዮጵያ ተከራክሯል። ዛሬ ዝም ካልን ነገ በሌላ አገር ላይ ተራው ይደርሳል ብሎ ትልልቆቹን መንግሥታት አስጠንቅቋል።

ዛሬ ሃይቲ በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ካሉት አገሮች ሁሉ የባሰች ድሃ ናት። አብዛኛው ሰው ምግቡን የሚያበስለው በከሰልና በእንጨት ነው። ለመኪናዋ፣ ለመብራት ማመንጫዋና ለኩራዟ የሚያስፈልጋትን ዘይት በሙሉ ከውጭ ትገዛለች። ሆኖም ብዙ ሰዎች «ሃይቲ የተቀመጠችው በዘይት ባሕር ላይ ነው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው ወይ? ለመመለስ በመጀመሪያ ዘይት ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

2. ነዳጅ ዘይት ከምን ይመጣል?

ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት ይኖሩ ነበር። ሲሞቱ ወደ ባሕሩ ወለል ይሰጥማሉ። ወንዝ ያመጣው ደለል በላያቸው ይከመራል። በደለሉ ላይ ሌላ ደለል ይደረባል። እንዲህ እየተደራረበ ከታች ያለው ተጭኖ ድንጋይ ሆነ። ከምድር ውስጥ የሚመጣው ሙቀትና ከላይ ያለው ክብደት የእነዚያን ፍጥረታት ቅሪት ወደ ዘይትና ወደ ጋዝ ለወጠው።

ብዙ ሰው ዘይት ከመሬት ሥር እንደ ሐይቅ የተኛ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ዘይቱ ያለው በድንጋይ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ዝናብ የጠገበ አሸዋ ውሃ እንደሚይዝ ማለት ነው።

ዘይት ተጠራቅሞ እንዲገኝ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ዘይቱን የሚያመነጭ ድንጋይ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሚያጠራቅም ቀዳዳማ ድንጋይ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ከላይ የሚከድን ጠጣር ድንጋይ ያስፈልጋል። ዘይት ከውሃ ይቀላልና ክዳን ከሌለው ወደ ላይ እየሰረገ ያመልጣል። ጋን አፉ በጭቃ ካልተመረገ ጠላው ይበላሻል፤ ጋኑ ከተሰነጠቀም ይፈሳል። የምድሩም ጋን እንደዚሁ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዘይት የለም።

3. «አለ» እና «ተገኘ» ይለያያሉ

ዘይት የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? የመሬቱን ቅርጽና የድንጋዩን ዓይነት ያጠናሉ። ቀጥሎ በመሬት ላይ ወይም በባሕር ላይ ኃይለኛ ድምፅ ይለቃሉ። ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከድንጋዩ ንጣፍ እየነጠረ ይመለሳል። ሲመለስ በመሣሪያ ያዳምጡታል። ከዚያም የድንጋዩን አቀማመጥ በወረቀት ላይ ይሥላሉ። እኛ ይህን ያነበብነው በዩኒቨርሲቲ ነበር። በደንብ የገባን ግን እናንተ ጋር መጥተን እማወራዎች ጋን በጣታቸው እያንኳኩ «ይኸ ገና ግማሽ ነው» ሲሉ ከሰማን ወዲህ ነው።

ነገር ግን ጋን ማንኳኳት በውስጡ ያለው ጠላ ይሁን ውሃ አይነግርም። ቀድቶ መቅመስ ያስፈልጋል። ለዘይትም መቆፈር ግድ ነው። ጉድጓዱ ሁለትና ሦስት ሺህ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊጠልቅ ይችላል። በጥልቅ ባሕር ላይ አንድ ጉድጓድ መቆፈር ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ብዙ ጊዜም ተቆፍሮ ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ ዘይት አራት ደረጃ አለው። በእርሻ ብንመስለው እንዲህ ነው።

ሀ. ደመና፦ አዋቂዎች የድንጋዩን ዓይነት አይተው «ዘይት ሊኖር ይችላል» ይላሉ። ይህ ግምት ነው።

ለ. ዝናብ፦ በድምፅ መሣሪያ ተጠንቶ ጥሩ ጋን የሚመስል ቦታ ይታያል። ይህም ተስፋ ነው እንጂ ዘይት አይደለም።

ሐ. ቡቃያ፦ ጉድጓድ ተቆፍሮ ዘይት በዓይን ይታያል። ይህ ግኝት ይባላል።

መ. እህል በጎተራ፦ የዘይቱ መጠን ተለክቶ፣ ወጪው ተሰልቶ፣ ቢወጣ እንደሚያተርፍ ይረጋገጣል። ይህ የተረጋገጠ ክምችት ይባላል።

ደመና አይቶ ሠርግ የሚደግስ ገበሬ የለም። ሀብታም ነን ለማለት የሚቻለው በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ያውም ቢሆን፣ በኋላ እንደምናየው፣ ጎተራው የማን ነው የሚል ሌላ ጥያቄ አለ።

4. በሃይቲ ምድር ሥር ምን አለ?

ሃይቲ ያለችው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ከደመናውና ከዝናቡ መካከል ነው። የተረጋገጠ የዘይት ክምችት የላትም። አንዲት በርሜል ዘይት እንኳ አውጥታ ለዓለም ገበያ ሸጣ አታውቅም።

ደመናው ግን ባዶ ወሬ ብቻ አይደለም። አዋቂዎች የሚጠረጥሩዋቸው ቦታዎች አሉ። ከዋና ከተማዋ ከፖርቶፕረንስ አጠገብ ያለው የኩል ደ ሳክ ሜዳ፣ የማዕከላዊው አምባ፣ የጎናቭ ደሴትና በዙሪያዋ ያለው ባሕር ይጠቀሳሉ። በእነዚህ ቦታዎች ከጥንት ባሕር የቀረ ወፍራም የደለል ድንጋይ አለ። በጎረቤቲቱ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ አዙዋ በሚባል አካባቢ፣ ዘይት ራሱ ከመሬት ሲሰርግ ታይቷል። ተቆፍሮም ጥቂት ወጥቶ ነበር።

በሃያኛው መቶ ዓመት የውጭ ኩባንያዎች በሃይቲ ጥቂት ጉድጓዶች ቆፍረዋል። ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሳያገኙ ትተው ሄዱ። ጥቂት ጉድጓድ ባዶ መሆኑ ግን የአገሩ ምድር ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። አንድ ማሳ ላይ ሁለት ቦታ ጭሮ ውሃ ያጣ ሰው «በዚህ ቀበሌ ውሃ የለም» ብሎ ሊፈርድ አይችልም። «አለ» ብሎም ሊምል አይችልም።

ሌላም ችግር አለ። ሃይቲ ያለችው የምድር ቅርፊት ሁለት ታላላቅ ገበታዎች በሚፋተጉበት ድንበር ላይ ነው። ስለዚህ ምድሯ ይንቀጠቀጣል። በጥር 12 ቀን 2010 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ200 ሺህ በላይ ሰው መሞቱን የሃይቲ መንግሥት አስታውቋል። እንዲህ ያለ መፋተግ ድንጋዩን አጥፎ ለዘይት ጥሩ ጋን ሊሠራ ይችላል። ያንኑ ጋን ሰንጥቆ ዘይቱን ሊያፈስም ይችላል። ከመንቀጥቀጡ በኋላ የዘይቱ ወሬ እንደገና ተቀጣጠለ። «ከሳውዲ ዐረቢያ ይበልጣል» ያሉም ነበሩ። ይህን አባባል የሚያስረዳ ጉድጓድ ግን እስከ ዛሬ አልተቆፈረም።

5. ታዲያ ወሬው ለምን አይጠፋም?

ብዙ የሃይቲ ሰዎች «ዘይቱ መኖሩ ይታወቃል፤ ኃያላን መንግሥታት ለራሳቸው ቀን ደብቀው አቆይተውት ነው» ብለው ያምናሉ። ይህን በማለታቸው ልንስቅባቸው አይገባንም። የደረሰባቸውን እንስማ።

ሃይቲ ነጻ በወጣች በ21ኛው ዓመት፣ በ1825፣ የፈረንሳይ ንጉሥ የጦር መርከቦች ልኮ ካሣ ጠየቀ። የምን ካሣ? «ባሮቻችንንና እርሻችንን አጥተናልና 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ» አለ። ነጻ የወጣው ሰው ለራሱ ነጻነት ዋጋ እንዲከፍል ተፈረደበት ማለት ነው። በ1838 ዕዳው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ሃይቲ የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል ከፈረንሳይ ባንክ 30 ሚሊዮን ፍራንክ ተበደረች። ባንኩ ስድስቱን ሚሊዮን ለራሱ አስቀርቶ 24 ሚሊዮን ብቻ ሰጣት። ዕዳውን ለመክፈል ዕዳ፣ ያንንም ለመክፈል ሌላ ዕዳ እየተገባ፣ ሸክሙ ከትከሻዋ የወረደው በ1947 ነው። ይህን ገንዘብ ያመጣው የገበሬው ቡና ነበር። ያልተሠራው መንገድና ያልተከፈተው ትምህርት ቤት እዚያ ቀረ።

በታኅሣሥ 1914 የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች ከሃይቲ ባንክ 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ወርቅ በመርከብ ጭነው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዱ። በ1915 አገሪቱን ያዙ። የወጡት በ1934 ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሬይኖልድስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሚራጓን በሚባል አካባቢ ቀዩን አፈር እየዛቀ በመርከብ ወሰደ። አፈሩ ቦክሳይት ይባላል፤ አሉሚኒየም ይሠራበታል። በ1982 ኩባንያው ሥራውን ዘግቶ ሄደ። የአሉሚኒየም ፋብሪካ በሃይቲ አልቀረም። የቀረው የተቆፈረ ኮረብታ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሕዝብ ቢጠራጠር ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል አለብን። በደል መፈጸሙ እውነት ነው፤ ማስረጃውም ተጽፎ ይገኛል። ዘይቱ ተደብቋል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። አንዱ እውነት ሌላውን እውነት አያደርገውም። ጥርጣሬ ዓይንን ይከፍታል እንጂ ጉድጓድ አይቆፍርም።

የሰማይ ላም ወሬ ጉዳትም አለው። ተስፋው ሁሉ በማይታየው ሀብት ላይ ሲሆን፣ በእጅ ያለው ይዘነጋል። በሃይቲ ተራራ ላይ ዛፉ ለከሰል እየተቆረጠ፣ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ባሕር ይታጠባል። ይህ አፈር መኖሩ የተረጋገጠ ሀብት ነበር።

6. ዘይት ሳይወጣ የጠፋ የዘይት ገንዘብ

ሃይቲ የራሷ ዘይት ባይኖራትም፣ ዘይት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይታለች። ቬኔዙዌላ የምትባል በዘይት የከበረች ጎረቤት አለቻት። ቬኔዙዌላ በ2005 ፔትሮካሪቤ የሚባል ስምምነት አቋቋመች። በስምምነቱ መሠረት ሃይቲ ዘይት ስትወስድ ከዋጋው ከፊሉን ቶሎ ትከፍል ነበር፤ የቀረውን በ25 ዓመት ውስጥ በትንሽ ወለድ እንድትከፍል ነበር። መንግሥት ዘይቱን ለነጋዴዎች በጥሬ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። በእጁ የሚቆየው ገንዘብ ለመንገድ፣ ለሆስፒታል፣ ለቤትና ለእርሻ ሥራ እንዲውል ታሰበ።

የተጠራቀመው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ሆኖም ብዙ ሥራ ተጀምሮ ቀረ፤ አንዳንዱም ጨርሶ አልተጀመረም። በ2018 ወጣቶች በአገራቸው ቋንቋ «የፔትሮካሪቤ ገንዘብ የት ገባ?» እያሉ አደባባይ ወጡ። በ2019 የአገሪቱ የሒሳብ መርማሪ ፍርድ ቤት ምርመራውን አወጣ። ለአንድ መንገድ ሥራ ሁለት ውል ተፈርሞ ገንዘብ ሁለት ጊዜ መውጣቱ ሳይቀር ተገለጠ። ገንዘቡ ጠፋ፤ ዕዳው ግን በሕዝቡ ላይ ወደቀ።

በዚያው በ2018 በሐምሌ ወር መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በመቶ 38፣ የናፍጣ በመቶ 47፣ የላምባ በመቶ 51 እንዲጨምር አወጀ። ልብ በሉ፤ ከሁሉ የበለጠ የተጨመረው ድሃው በሚያነደው በላምባ ላይ ነው። ሕዝቡ መንገድ ዘጋ፤ ከተማው ታወከ። መንግሥት ጭማሪውን አነሣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2022 ደግሞ የታጠቁ ወሮበሎች በዋና ከተማዋ ያለውን የዘይት ማከማቻ ከመስከረም እስከ ኅዳር ዘግተው ያዙ። ነዳጅ ጠፋ፤ ሆስፒታሎች መብራት አጡ፤ ውሃ የሚያመላልስ መኪናም ቆመ።

እስቲ አስቡት፤ በብድር የመጣውን ዘይት ገንዘብ በትክክል መያዝ ካልተቻለ፣ ከራስ ምድር የሚወጣውን ማን ይጠብቀዋል?

7. ዘይት ካገኙት ጎረቤቶች ምን እንማራለን?

በዚያው በካሪቢያን አካባቢ ትሪኒዳድና ቶቤጎ የምትባል ትንሽ አገር አለች። ዘይት ለገበያ ማውጣት ከጀመረች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። መጀመሪያ ትርፉ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበር። በሰኔ 1937 የዘይት ሠራተኞች ፋይዛባድ በሚባል ቦታ ሥራ አቆሙ። መሪያቸው ዩራያ በትለር ይባላል። ሠራተኞቹ ማኅበር አቋቁመው ደመወዛቸውን አሻሻሉ። ትሪኒዳድ በዘይትና በጋዝ ከብዙ ጎረቤቶቿ የተሻለ ኑሮ አገኘች። ሆኖም ዘይቷ እየቀነሰ ሄዶ፣ በ2018 ትልቁ የዘይት ማጣሪያዋ ተዘግቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ። ዘይት እንደ ማሳ በየዓመቱ አይዘራም። አንድ ጊዜ ይታጨዳል፤ ያልቃል።

ሁለተኛዋ ጋያና ናት። ጋያና ያለችው በደቡብ አሜሪካ ምድር ላይ ቢሆንም ከካሪቢያን አገሮች ማኅበር አባላት አንዷ ናት። ሕዝቧ 800 ሺህ ያህል ነው። እሷም ድሃ ነበረች። በግንቦት 2015 ኤክሶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከባሕር ጠረፏ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ርቆ በጥልቅ ባሕር ሥር ዘይት አገኘ። በታኅሣሥ 2019 ዘይቱ መውጣት ጀመረ። በ2024 በየቀኑ ከ600 ሺህ በርሜል በላይ ይወጣ ነበር። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፤ ወደ ስምንት ጄሪካን ይሆናል። በባሕሯ ሥር ያለው ከ11 ቢሊዮን በርሜል በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እንግዲህ ጋያና የሰማይዋን ላም አወረደቻት።

ወተቱን ግን ማን ይጠጣል? ጋያናና ኩባንያዎቹ በ2016 ውል ተፈራርመዋል። ውሉን በእህል እንመስለው። መሬቱ የጋያና ነው። በሬውና ዘሩ የኩባንያዎቹ ነው። 100 ኩንታል ተመረተ እንበል። ኩባንያዎቹ ላወጡት ወጪ እስከ 75 ኩንታል ድረስ አስቀድመው ያነሣሉ። የቀረው 25 ኩንታል እኩል ይካፈላል። ለጋያና 12 ኩንታል ተኩል ይደርሳታል። ኩባንያዎቹ ከዚህ ሌላ ከመቶ 2 ኩንታል ለባለመሬቷ ይሰጣሉ። ድምሩ 14 ኩንታል ተኩል ነው። ወጪው ተከፍሎ ሲያልቅ ድርሻዋ ይጨምራል። ወጪው ስንት እንደሆነ የሚጽፉት ግን ኩባንያዎቹ ናቸው። ስለዚህ የእነሱን መዝገብ የሚመረምር ሰው ከሌለ ወጪው አያልቅም። እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ የነበሩ አባቶች ይህን ሒሳብ ሳንነግራቸው ያውቁታል።

ሌላው ነገር ይህ ነው። ውሉ ሲፈረም ሕዝቡ እንዲያነበው አልተደረገም። ኩባንያዎቹ ለፊርማው 18 ሚሊዮን ዶላር መስጠታቸውም ተደብቆ ነበር። ጋዜጦችና ዜጎች አጥብቀው ስለጠየቁ በታኅሣሥ 2017 ውሉ ወጣ። ያን ጊዜ ብዙዎች አንብበው «ድርሻችን አነሰ» አሉ። ነገር ግን ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ውሉ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

8. ለሃይቲ ገበሬ የሚበጀው ምንድን ነው?

በሃይቲ ሕገ መንግሥት መሠረት የመሬት ባለቤትነት ከመሬቱ ሥር ያለውን ማዕድን አይጨምርም። ማዕድኑ የመንግሥት ነው። ገበሬው ግን ከላይ ያለውን ማሳውን ያርሳል። ስለዚህ ከታች የሚወሰነው ከላይ ያለውን ይነካዋል።

ይህን የተረዱ የሃይቲ ገበሬዎች አሉ። በሰሜን ሃይቲ ወርቅና መዳብ እንዳለ በጥናት ታውቋል። በታኅሣሥ 2012 መንግሥት ለኩባንያዎች የማውጣት ፈቃድ ሰጠ። የገበሬ ማኅበራትና የመብት ተከራካሪዎች «ውሃችን ምን ይሆናል? መሬታችንስ? ውሉን አሳዩን» ብለው ጠየቁ። በዚያው ጊዜ የማዕድን ፍትሕ የሚል ኅብረት አቋቋሙ። በየካቲት 2013 የአገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሥራው እንዲቆም ጠየቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

አንድ መሰናክል ግን አለ። የሃይቲ ሕዝብ የሚናገረው ክሬዮል የሚባል ቋንቋ ነው። ሕግና ውል ግን ከጥንት ጀምሮ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ፈረንሳይኛን አጥርቶ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ክሬዮል ከፈረንሳይኛ ጋር እኩል የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1987 ሕገ መንግሥት ነው። ፊደል የማያውቀውም ብዙ ነው። ውሉን ማንበብ የማይችል ሰው፣ ዘይቱ ቢወጣም ባይወጣም፣ ድርሻውን የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። አውራ ጣትን ቀለም ነክሮ የማያውቁትን ወረቀት መፈረም ምን እንደሚያስከትል እናንተም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ከሃይቲ ታሪክ አራት ነገሮችን እንይዛለን። አንደኛ፣ ስለ ሀብት ሲወራ «በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ደመና ነው ወይስ ጎተራ?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ያለፈ በደል እንዳይረሳ፤ ነገር ግን በማስረጃ ፋንታ አይቁም። ሦስተኛ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ይነበብ፤ ከተፈረመ በኋላ ሒሳቡ ይመርመር። አራተኛ፣ ከምድር ሥር ያለው እስኪታወቅ ድረስ በምድር ላይ ያለው አፈር፣ ውሃና ዛፍ ይጠበቅ። የሃይቲ ዘይት ቢኖርም ባይኖርም፣ እነዚህ አራቱ ለሃይቲ ገበሬ ያስፈልጉታል።

የቃላት ፍቺ

ላምባ — ለኩራዝ የሚሆን ነጭ ጋዝ
ደለል — ውሃ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈርና ጭቃ
ግኝት — ተፈልጎ የተገኘ ነገር
ክምችት — ተጠራቅሞ የሚገኝ ሀብት
ካሣ — ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ
ወለድ — በብድር ገንዘብ ላይ የሚጨመር ክፍያ
ውል — ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈርሙት ጽሑፍ
በርሜል — የዘይት መለኪያ፤ 159 ሊትር የሚይዝ

ጥያቄዎች

1. ሃይቲ ነጻ የወጣችው በስንት ዓመት ነው? ነጻነቷን ያወጀውስ ማን ነው?
2. ዘይት ተጠራቅሞ እንዲገኝ የሚያስፈልጉት ሦስት ድንጋዮች ምን ምን ናቸው?
3. «ግምት»ና «የተረጋገጠ ክምችት» ልዩነታቸው ምንድን ነው? በእርሻ ምሳሌ አስረዱ።
4. የሃይቲ ሰዎች የዘይቱ ወሬ ተደብቋል ብለው የሚጠረጥሩት ለምንድን ነው? እናንተ በዚህ ትስማማላችሁ ወይ?
5. ሒሳብ፦ በጋያናው ውል 200 ኩንታል ቢመረት፣ ኩባንያዎቹ 75 ከመቶ ለወጪ ቢያነሡ፣ የቀረው እኩል ቢካፈልና ከመቶ 2 ቢጨመር፣ ለጋያና ስንት ኩንታል ይደርሳታል?
6. ለውይይት፦ አንድ ሰው ወደ ቀበሌያችሁ መጥቶ «በመሬታችሁ ሥር ማዕድን አለ፤ እዚህ ላይ ፈርሙ» ቢላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁትን አምስት ጥያቄ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያም አንዳችሁ ለሌላው አንብቡ።